ከማስጠንቀቂያው በኋላ ያሉት ደቂቃዎች

ስለ ቶርኔዶ (ከነጎድጓድ ደመና እስከ ምድር የሚደርስ፣ በኃይል የሚሽከረከር ነፋስ) እና ስለ ከባድ አውሎ ነፋስ የሚሰጡ ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ የት መጠለል እንደሚገባ በዝርዝር ያስረዳሉ፤ መቼ መነሳት እንደሚገባ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ሁለተኛው ነው እላለሁ፤ ጥሩ መጠለያ ያለው ሰውም ቢሆን ዘግይቶ ከተነሳ መጠለያው አይጠቅመውምና።

እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2011 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት የምትገኘውን የጆፕሊን ከተማ የመታው ቶርኔዶ ከ150 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ማስጠንቀቂያው አልዘገየም፤ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ጩኸት የሚያሰማው ሳይረን ቶርኔዶው ከተማዋ ከመድረሱ ከ10 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ጮኾ ነበር። ከአደጋው በኋላ የተካሄደው የመንግሥት ጥናት እንዳመለከተው ግን፣ ከዚያ በፊት ሳይረኑን ደጋግመው ሰምተው ምንም ሳይደርስባቸው የቀሩ ብዙ ነዋሪዎች ለመጀመሪያው ድምፅ ክብደት ሳይሰጡ ሌላ ማረጋገጫ ፈለጉ። ይህን እንደ ቸልተኝነት ብቻ መቁጠር ተገቢ አይመስለኝም፤ ሰው በጆሮው የሰማውን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ ማመን ይቸግረዋል። ችግሩ ቶርኔዶ ለማየት የሚመች አለመሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ በከባድ ዝናብ ይሸፈናል፤ በሌሊት ሲመጣ መብረቅ ካላበራው በቀር አይለይም፤ ባለበት የቆመ የሚመስለውም በቀጥታ ወደ ተመልካቹ እየገሰገሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወሬ የሚጠየቀውና ትንበያ የሚከታተሉት ስጋት መኖሩ ሲነገር ነው እንጂ አደጋው መቃረቡ ከታወጀ በኋላ አይደለም። ለሌሊቱም ስልክ የማስጠንቀቂያ መልእክት እንዲቀበል አድርጎ፣ ድምፁን ሳያጠፉ አጠገብ ማሳደር ያስፈልጋል።

መጠለያው ከመሬት በታች ያለ ክፍል ቢሆን ይመረጣል፤ ከሌለ ግን በታችኛው ወለል መሀል የሚገኝ፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ይሻላል። ቶርኔዶ ሰውን በአብዛኛው የሚጎዳው በሚወረውረው እንጨት፣ ቆርቆሮና ስብርባሪ መስታወት ስለሆነ፣ በሰውየውና በውጭው መካከል የሚቆም እያንዳንዱ ግድግዳ ዋጋ አለው። ጭንቅላትን በሄልሜት፣ ካልተገኘም በፍራሽ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ መሸፈን የሚመከረውም ለዚሁ ነው። ጫማም አይረሳ፤ ከመጠለያው ሲወጡ የሚረግጡት ምስማርና መስታወት የተበተነበት ፍርስራሽ ሊሆን ይችላል። የአየር ግፊቱን ለማመጣጠን መስኮት መክፈት ያስፈልጋል የሚለው የቆየ ምክር ግን ፍጹም ስሕተት ነው፤ ወደ ውስጥ የገባ ነፋስ ጣሪያውን ወደ ላይ ይገፋል፣ መስኮት ለመክፈት የሚባክነው ጊዜም የሚቀነሰው ከመጠለያው ጊዜ ነው። ጽኑ መሠረት በሌላቸው ተንቀሳቃሽ ቤቶች ለሚኖሩ ሰዎች ደግሞ የትኛውም ክፍል አስተማማኝ ስላልሆነ፣ አስቀድመው ወደ ጠንካራ ሕንፃ መሄድ አለባቸው።

በመኪና ማምለጥ ብዙዎች የሚያስቡት መፍትሔ ነው፤ እኔ አላምንበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ውስጥ ኤል ሪኖ ከተማ አካባቢ የተነሳው ቶርኔዶ ስፋቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሶ ነበር፤ በመኪና ውስጥ ሕይወታቸው ካለፈው መካከል ቶርኔዶን በማጥናት የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው ተመራማሪዎች ይገኙበታል። በሌላ መንገድ ላይ ከሚያልፍ ተሻጋሪ ድልድይ ሥር መጠለልም የባሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በዚያው ግዛት እንዲህ የተጠለሉ ሰዎች ሞተዋል፣ ጠባቡ ክፍተት ነፋሱን ያፈጥነዋልና። ቶርኔዶ ባይኖርም ከባድ ዝናብ በራሱ መንገዱን አደገኛ ያደርገዋል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውኃ ትንሽ መኪና ሊወስድ ስለሚችል፣ ጎርፍ ካቋረጠው መንገድ መመለስ ይገባል።

ነጎድጓድ የሚሰማ ሰው መብረቅ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ያህል ከቤት አለመውጣት ይመከራል። ከወጡ በኋላ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ፈጽሞ አይነካም፣ ሽቦው የተኛበት ኩሬም አይረገጥም። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር የሚያስነሱ ሰዎች ደግሞ ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት አርቀው ሊያስቀምጡት ይገባል፤ የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ ከአውሎ ነፋሱ የተረፉ ቤተሰቦችን በተኙበት ሊገድል ይችላል።