«ቁጥሯን እስቲ ደግመህ እያት»፦ ከፕላን ሥራ የዕለት ተዕለት ፈተናዎች

ጉቦ ግልጽ ነው፤ እምቢ ይባላል። የከተማ ፕላነርን የሚያስቸግረው በትሕትና የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «ቁጥሯን እስቲ ደግመህ እያት»፣ ማለትም ለተፈለገው ውጤት እንድትስማማ አድርጋት። በሥራ ላይ ተሞክረው የጸኑትን ዘዴዎች ላካፍላችሁ።

ዋናው ፈተና ያለው ትንበያ ላይ ነው። ዴንማርካዊው የፕላን ተመራማሪ ቤንት ፍሊቭቢየር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት በ14 አገሮች 210 የትራንስፖርት ፕሮጀክቶች ተፈትሸው፣ ከአሥር የባቡር ፕሮጀክቶች በዘጠኙ የተሳፋሪው ቁጥር ተጋኖ ተገኝቷል፤ ከተተነበየው ሕዝብ በአማካይ ግማሹ እንኳ አልመጣም። ስሕተት እንዲህ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል በሞዴል ድክመት ብቻ አይሳበብም።

ስለዚህ ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ታሳቢዎቹን (የሕዝብ ዕድገት፣ ታሪፍ፣ የጉዞ ሰዓት) በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ቀን አስፍሮ ለቡድኑ መላክ ነው። ውጤት ከታየ በኋላ የሚጻፍ ታሳቢ፣ ጸሐፊው ሳይታወቀው እንኳ፣ ለሚፈለገው ቁጥር ድጋፍ ይሆናል። ሪፖርቱ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ውጤት ይያዝ፤ ተመሳሳይ ሆነው ያለቁ ፕሮጀክቶች ያስመዘገቡትም ከጎኑ ይቀመጥ። ኃላፊው ታሳቢ ቢቀይር ሥልጣኑ ነው። ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደቀየረ ግን ይመዝገብ፤ የቀድሞው ውጤትም አይሰረዝ። ብዙ ጊዜ «በጽሑፍ ይሰጠን» ሲባል ጥያቄው ራሱ ይቀራል።

የሕዝብ ውይይትም ወጥመድ አለው። አሜሪካዊቷ የሕዝብ ተሳትፎ ባለሙያ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 የተሳትፎን መሰላል በስምንት እርከን ስትከፍል፣ ማሳወቅንና ማማከርን ለይስሙላ ከሚደረጉት መድባቸዋለች። ከስብሰባው በፊት ገና ያልተወሰኑትን ነጥቦች ዘርዝሩ፤ አንድም ከሌለ ጥሪው «ውይይት» አይባል፣ «ገለጻ» ይባል። ቃለ ጉባኤው ላይ ተቃውሞ በተናጋሪው ቃል ይስፈር፣ ፊት ለፊቱም ምላሹና ምክንያቱ። «አንዳንድ ነዋሪዎች ስጋታቸውን ገልጸዋል» የምትል ዓረፍተ ነገር ስንቱን ተቃውሞ ውጣ አስቀርታለች!

ለሕንፃ ከፍታ ወይም ለቦታ አገልግሎት ለውጥ ልዩ ፈቃድ ሲጠየቅ ደግሞ የአመልካቹን ስም ሸፍናችሁ ምክንያቱን ለሌላ ባለሙያ አስነብቡ። ለጎረቤት አነስተኛ ባለይዞታ የማይሠራ ምክንያት ምክንያት አይደለም። ዘመድ ወይም የራስ ንብረት ያለበት ፋይል ሳይከፈት በጽሑፍ አሳውቆ ማስረከብ ነው፤ ካስረከቡ በኋላ ተረካቢውን «መምከር» የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ያልጸደቀ የመንገድ መስመር ነው። ቢወጣ መሬት ነጋዴው ይቀድማል፤ ቢደበቅ ነዋሪው ነገ በሚፈርስ ቤት ላይ ገንዘቡን ያፈሳል። ሁለቱንም ጉዳት ማስቀረት አይቻልም፣ ማሳነስ ግን ይቻላል። ረቂቅ ካርታው በቁጥር ታትሞ በፊርማ ይሰጥ፤ ይፋ የሚሆንበት ቀን አስቀድሞ ይቆረጥ። እስከዚያው ለማንም ጠያቂ፣ ወዳጅም ቢሆን፣ መልሱ አንድ ነው፦ «አካባቢው በጥናት ላይ ነው፤ ግንባታ ከመጀመርዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።»