ብርሃን የበዛበትን የሕፃን ፊት እንዴት እንዳስተካከልኩ

ልጆችን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ልጁ ከልቡ የሳቀበት ፎቶ ብርሃኑም የተስተካከለ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ሕፃን «እዚህ ቁም» ቢሉት አይቆምም፤ በአንድ እርምጃ ከጥላ ወደ ፀሐይ ይሻገራል፣ ካሜራውም ለጥላው እንደተስተካከለ ግንባሩና ጉንጩ ነጥተው ይቀራሉ። ያ ሳቅ ተመልሶ ስለማይገኝ እንዲህ ያለውን ፎቶ መጣል አልወድም። ስለዚህም የነጣ ፊት ማስተካከልን ራሱን እንደቻለ ሥራ ይዤ ተማርኩት፤ የማልፍበትን መንገድ በአንድ ፎቶ ላይ ተመሥርቼ ልጻፍ።

ፎቶው ነጭ ቀሚስ ለብሳ መስኮት አጠገብ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ ነው። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ የግራ ጉንጯን፣ የአፍንጫዋን ጫፍና የግንባሯን አንድ ወገን አንጥቶታል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የማጣራው ቦታው ደማቅ ብቻ መሆኑን ወይም መረጃው ጨርሶ መጥፋቱን ነው። ዲጂታል ፎቶ የእያንዳንዱን ፒክስል ቀለም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቻናል ይመዘግባል፤ በተለመደው የጄፔግ ፋይል የእያንዳንዱ ቻናል መጠን ከ0 እስከ 255 ስለሆነ፣ 255 ከተሞላ በኋላ የሚጨመረው ብርሃን ሁሉ እዚያው ላይ ይቆረጣል፤ የቆዳው ቅርፅም አብሮ ይጠፋል። ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ የአልት ቁልፍን ተጭኜ «ኋይትስ» የሚለውን መቆጣጠሪያ ስነካ ምስሉ ይጠቁርና የተቆረጡት ቦታዎች ብቻ ይታያሉ። ነጭ ሆኖ የሚታየው ሦስቱም ቻናሎች ያለቁበት ነው፤ ቀይ ሆኖ የሚታየው ቀዩ ብቻ፣ ቢጫ ሆኖ የሚታየው ደግሞ ቀዩና አረንጓዴው ያለቁበት ነው። በዚህ ፎቶ ላይ ጉንጯ ቀይ ሆኖ ታየ፣ መካከሉ ላይ ትንሽ ቢጫ ነበረበት፤ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነው የአፍንጫዋ ጫፍና ግንባሯ ላይ ያለች ትንሽ ነጥብ ብቻ ነበር። ይህን ካየሁ በኋላ ፎቶው እንደሚድን እርግጠኛ ሆንኩ።

በሰው ቆዳ ላይ ከሦስቱ ቻናሎች የሚያይለው ቀዩ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ነው። ቀዩ 255 ላይ ቆሞ አረንጓዴው መጨመሩን ሲቀጥል ቆዳው ወደ ቢጫ ያደላል፤ በነጣ ጉንጭ ዙሪያ የሚታየው ደስ የማይል ቢጫነት የሚመጣው ከዚህ ነው። በሌላ በኩል፣ አረንጓዴው ቻናል ካላለቀ የጉንጩ ክብነት እዚያ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጧል ማለት ነው።

ፎቶውን ያነሳሁት በሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ስለነበር ካሜራው ጄፔግ ሲያዘጋጅ የሚቆርጠው የደማቁ ክፍል መረጃ በከፊል በእጄ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የደማቅ ቦታዎችን ብርሃን የሚቆጣጠረውን «ሃይላይትስ»ን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደርጋል። እኔ ግን በሕፃን ፊት ላይ ይህን አልመክርም፤ የነጣው ቦታ ወደ አመድማ ያደላል፣ ፊቱም የታመመ ይመስላል። በዚህ ፈንታ ከአንዱ ፋይል ሁለት ቅጂ አወጣሁ፤ አንዱን እንደነበረ፣ ሌላውን በአንድ ስቶፕ ገደማ (ብርሃኑን በግማሽ ያህል ቀንሼ) አጨልሜ። ሁለቱን ፎቶሾፕ በተባለው ፕሮግራም ላይ ደርቤ የጨለመውን በጥቁር ማስክ (የምስሉን ክፍል በሚደብቅ ሽፋን) ከሸፈንኩ በኋላ፣ ጠርዙ በለሰለሰና ኦፓሲቲው (የመሸፈን ኃይሉ) 15 በመቶ በሆነ ብራሽ ጉንጩ ላይ ብቻ ቀስ በቀስ ገለጥኩት። ከዚያ «አፕላይ ኢሜጅ» በሚለው ትእዛዝ አረንጓዴውን ቻናል በአንድ ተጨማሪ ሌየር (ከላይ የሚደረብ ንብርብር) ላይ አድርጌ የሌየሩን አደራረብ ቀለሙን ትቶ ድምቀቱን ብቻ ወደሚወስደው «ሉሚኖሲቲ» ቀየርኩትና እሱንም በማስክ ጉንጩ ላይ ወሰንኩት። ስትስቅ ጉንጯ ላይ የሚወጣው ስርጉድ፣ ከዓይኗም ሥር ያለችው ስስ ጥላ ያን ጊዜ ተመልሰው ታዩ።

ጨርሶ ለጠፉት ነጥቦች ግን ቀለም ከመቀባት ሌላ መፍትሔ የለም። ባዶ ሌየር ከፍቼ አደራረቡን ከሥሩ ያለውን ማጨለም ብቻ ወደሚችለው «ዳርከን» ቀየርኩት፤ ከነጥቡ ጠርዝ አጠገብ ካለው ቆዳ ቀለም ወስጄም በጣም በሳሳ ብራሽ ደጋግሜ ቀባሁ። የቀለሙ ድምቀት ከአጎራባቹ ቆዳ በጥቂቱ መብለጥ አለበት፤ ብርሃን ያረፈበት ቦታ መሆኑ መታየት አለበትና። የአዋቂ ቆዳ ቀዳዳና መስመር ስላለው በ«ሂሊንግ ብራሽ» ከሌላ ቦታ ተውሶ መሸፈን ይቻላል። የሕፃን ቆዳ ግን ልሙጥ ነው፣ ትንሿ ጉድፍ ሳትቀር ትታይበታለች። የተቀባው ቦታም ከዙሪያው ይልቅ እንዳይለሰልስ ጥቂት «ኖይዝ» (ደቃቅ የምስል ነጠብጣብ) ጨመርኩበት፤ ይህን የሚዘነጉ ሥራዎች ከሩቅ ያማሩ ይመስሉና ሲቀርቡ ፕላስቲክ ይሆናሉ።

ያልነካሁትም አለ። በዓይኗ ውስጥ ያለችው የመስኮት ነጸብራቅና በርጥብ ከንፈሯ ላይ ያለችው ጭረት ነጭ መሆናቸው ትክክል ነው፤ እነሱን ያደበዘዘ ሰው የልጅቱን ዓይን ሕይወት ያሳጣዋል። ቀሚሱ ላይም እጥፋቶቹ እስኪታዩ ድረስ ብቻ ቀነስኩ።

ፋይሉ ጄፔግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዚህ አብዛኛው አይሠራም ነበር። እንዲህ ሲያጋጥመኝ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር እመርጣለሁ፤ ሲቀየር አረንጓዴው ቻናል እንዲያይል ከተደረገ ቢጫነቱ ይጠፋል፣ የፊቱም ቅርፅ ይጎላል።

ከዚህ ሥራ ወዲህ አነሳሴም ተለውጧል። የካሜራዬን የነጣ ቦታ ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ ክፍት አደርገዋለሁ፤ ሕፃኑ መስኮት አጠገብ ወይም ፀሐይና ጥላ በተቀላቀለበት ቦታ ከሆነ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ከአንድ ሦስተኛ እስከ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ዝቅ አደርጋለሁ። ጥላው በኋላ በእርማት ሲደምቅ ጥቂት ኖይዝ ያመጣል፣ ያም ቢሆን ይታረማል። ፎቶው የሚታተም ከሆነ ደግሞ በመጨረሻ የቆዳው ደማቅ ቦታ ከ245 እንዳይበልጥ አያለሁ፤ 255 የሆነ ቦታ ላይ ማተሚያው ቀለም ስለማያሳርፍ ባዶው ወረቀት በልጁ ግንባር ላይ ይታያል።