ቁልፎቻችንን ከኮድ ውስጥ እንዴት እንዳወጣን

ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ቢሯችን አዲስ ሰው ሲቀጠር የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነበር፤ «የዳታቤዙን ፓስዋርድ ማን ይልክልኛል?» አንዱ በቴሌግራም ይልክለታል። ሰውየው ሥራ ሲለቅ ፓስዋርዱ ስልኩ ላይ ይቀራል። የክፍያ አገልግሎቱ ቁልፍ (ሲስተማችን እንደ ፓስዋርድ የሚጠቀምበት ምስጢር) ደግሞ ጭራሽ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ፣ የኮድ ለውጦችን ታሪክ በሚይዘው ጊት ላይ ተቀምጧል። የሰው ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሲስተም እንዲህ መያዝ የለበትም። ሰርቨራችን የማይክሮሶፍት ክላውድ በሆነው አዙር ላይ ስለሆነ፣ ሁሉንም ወደ አዙር ኪ ቮልት፣ ማለትም ወደ አዙር የምስጢር ካዝና፣ ለማዛወር ተነሳሁ።

መጀመሪያ ግን ቁልፎቹን በሙሉ ቀየርኳቸው። አንዴ ጊት ውስጥ የገባ ነገር ከፋይሉ ቢሰረዝም ታሪኩ ውስጥ ይኖራል። የቤታችሁን ቁልፍ ማን እንዳስቀረጸው ካላወቃችሁ፣ የእናንተን ካዝና ውስጥ ብትቆልፉት ምን ዋጋ አለው?

ኮዱ ራሱ ቀላል ነው። ለፓይተን ሁለት ላይብረሪ ይጫናል፤ አዙር አይደንቲቲ እና አዙር ኪ ቮልት ሲክሬትስ። የመጀመሪያው ማንነትን ያረጋግጣል፣ ሁለተኛው ምስጢሩን ያመጣል። ዲፎልት አዙር ክሬደንሺያል የሚባለውን ትፈጥራላችሁ፤ ከቮልቱ አድራሻ ጋር ለሲክሬት ክላየንት ትሰጡታላችሁ፤ ከዚያ በጌት ሲክሬት ምስጢሩን በስሙ ትጠራላችሁ። በቃ። ኮዱ ውስጥ የሚቀረው አድራሻና ስም ብቻ ነው።

«ታዲያ ቮልቱን መክፈቻ ፓስዋርዱን የት ነው የምናስቀምጠው?» አለችኝ አንዷ ባልደረባዬ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። «የትም አናስቀምጠውም፤ የለማ!» አልኳት። ኮዱ ሰርቨር ላይ ሲሆን ክሬደንሺያሉ ማኔጅድ አይደንቲቲን፣ ማለትም አዙር ለሰርቨሩ የሚሰጠውን መታወቂያ፣ ይጠቀማል፤ ለሰርቨሩ ዋስ የሚሆነው አዙር ራሱ ነው። ላፕቶፕ ላይ ሲሆን ደግሞ በአዙር ሲኤልአይ (አዙርን በጽሑፍ ትዕዛዝ ማዘዣ ፕሮግራም) የገባውን ሰው ማንነት ይወስዳል። ያው ኮድ ሁለቱም ጋ ይሠራል። ሰው ሥራ ሲለቅ ፈቃዱን ማንሳት ነው። ለሰርቨሩም የሰጠሁት የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነው። የሙከራውንና የዋናውን ቮልት ለያየኋቸው፤ ጀማሪዎች የሚያዩት የሙከራውን ነው።

ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። የምስጢር ስም የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ እንጂ አንደርስኮር አይቀበልም። የኛ ስሞች በሙሉ በአንደርስኮር የተጻፉ ስለነበሩ ወደ ሰረዝ የምትቀይር ትንሽ ፈንክሽን ጻፍኩ። የተሰረዘ ምስጢርም ወዲያው አይጠፋም፤ ቀኑን ካላሳጠራችሁት 90 ቀን ይቆያል። እስከዚያ በዚያው ስም አዲስ መፍጠር አይቻልም፤ ወይ የተሰረዘውን ትመልሳላችሁ ወይ ጨርሳችሁ ታጠፉታላችሁ። እኔ በበኩሌ ይህን ቆይታ ወድጄዋለሁ። እጅ ይስታል።

ቮልቱን በየጥያቄው መጥራት ግን አይመከርም። ጥሪ ሲበዛ 429 የሚል ስህተት ይመልሳል። ቢሮ ላፕቶፕ ላይ ስንሠራ ደግሞ መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ምስጢሩ አንዴ ከመጣ በኋላ ለተወሰነ ደቂቃ ሜሞሪ ላይ እናቆየዋለን፤ ፋይል ላይ በፍጹም አንጽፈውም።

ይህ ቆይታ ቁልፍ ስንቀይርም ይታሰባል። አዲሱን ቁልፍ ከክፍያ አገልግሎቱ አውጥተን፣ በዚያው ስም በ«ሴት ሲክሬት» (set_secret) ትዕዛዝ ቮልቱ ውስጥ እናስገባዋለን። ቮልቱ አሮጌውን ሳይደመስስ አዲስ ቨርዥን ይፈጥራል። ኮዱ ቨርዥን ካልጠቀሰ የሚመጣለት የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ኮድ ውስጥ ቨርዥን አትጻፉ። ሜሞሪ ላይ ያለው ጊዜው እስኪያልፍ ሁለቱም ቁልፎች መሥራት አለባቸው። ሰርቨሮቹ ሁሉ ወደ አዲሱ መዞራቸውን ሎግ ላይ ካየን በኋላ ነው አሮጌውን የምንዘጋው። አገልግሎቱ ሁለት ቁልፍ ጎን ለጎን የማይፈቅድ ከሆነ ሥራው ሌሊት ይሠራል።

የደንበኞችን የመታወቂያ ፎቶ ማመስጠር ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። እዚያ ላይ ቁልፉ ራሱ ከቮልት አይወጣም፤ ዳታው ነው ወደ ቁልፉ የሚሄደው። 2048 ቢት የሆነ የአርኤስኤ (የማመስጠሪያ ዘዴ ነው) ቁልፍ ግን በአንድ ጊዜ ማመስጠር የሚችለው ከ256 ባይት ያነሰ ነው። ፎቶ አይሆንለትም። ስለዚህ ፎቶውን ትልቅ ዳታ በሚችለው በሌላው ዘዴ፣ በ256 ቢት የኤኢኤስ ቁልፍ፣ እዚሁ ሰርቨሩ ላይ እናመሰጥረዋለን፤ ያቺን ትንሽ ቁልፍ ደግሞ በቮልቱ ቁልፍ ጠቅልለን ከፎቶው ጋር እናስቀምጣታለን። ዳታቤዙ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ከቮልቱ ፈቃድ ካላገኘ ጥቅሉን አይፈታውም።