ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ አለ፣ ጥያቄው ግን የለም፦ ከድሬዳዋ አንድ የሕክምና ላይብረሪ

ድሬዳዋ ውስጥ የጤና ተማሪዎችና ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ላይብረሪ ነው የምሠራው። ድሮ ሥራው ቀላል ነበር። መጽሐፍ ማዋስ፣ ማስመለስ፣ «ዝም በሉ» ማለት። ዛሬ ልጆቹ መጽሐፉን በቴሌግራም ተቀባብለው ጨርሰዋል። እኛ ጋ የሚመጡት ለዋይፋዩና ለቬንትሌተሩ ነው። በግንቦት ሙቀት ከቬንትሌተር ጋር ማን ይወዳደራል?

ታዲያ ቴሌግራም ላይ የማይገኘው ምንድነው ብዬ አሰብኩ። ፍለጋ ነው። ሶፍት ኮፒ ያለው ሞልቷል፤ ጥያቄውን ይዞ መልሱ ያለበትን ጥናት የሚያገኝ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠረጴዛዬ አጠገብ አንድ ወንበር ጨመርኩና አብሬያቸው መፈለግ ጀመርኩ።

መነሻዬ ፐብሜድ የሚባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው የሚያስተዳድረው፣ ክፍያ የለውም፣ ከ37 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ተመዝግበውበታል። ችግሩም ብዛቱ ነው። አንድ ኢንተርን ከራውንድ ወጥቶ መጣና «እትዬ፣ ስለ ቺኩንጉንያ ያለውን በሙሉ ያውርዱልኝ» አለኝ። ያለውን በሙሉ! የዚህን በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ስም ብቻ ብትጽፉት በሺህ የሚቆጠር ውጤት ይዘረግፍላችኋል። ወንበሩን ሳብኩለት።

«ሕፃናት ላይ ነው አዋቂ?»

«አዋቂ።»

«ሲታመሙ ነው ወይስ ከተሻላቸው በኋላ?»

«በኋላ። ትኩሳቱ ለቋቸው መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸው አሉ።»

«እና ማወቅ የፈለግከው ሕመሙ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው ወይስ በምን እንደሚታከም?»

ትንሽ ዝም አለ። «አቦ እትዬ፣ እሱን እንኳን አላሰብኩትም።»

ሥራው ያለው እዚህ ጋ ነው። በሙያው ይህን አጠያየቅ ፒኮ ይሉታል፦ ታካሚው ማን ነው፣ ምን ተደረገለት፣ ከምን ጋር ይነጻጸራል፣ ምን ውጤት ይጠበቃል። እኔ ስሙን አልጠራም፤ ጥያቄዎቹን ብቻ አስከትላለሁ። ኢንተርኑ ጥቂት ጽሑፎች ይዞ ሄደ፤ የሚያነባቸውን ያህል።

ቀጥሎ የቃላቱ ጉዳይ አለ። ፐብሜድ ሜሽ የሚባል የርዕሶች መዝገብ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጀመረ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ሃርት አታክ» ሌላው «ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን» ቢል ሁለቱም አንድ ርዕስ ሥር ይገባሉ። እናንተ አንዱን ስትጽፉ ፐብሜድ ራሱ ወደ ርዕሱ ይወስዳችኋል። ቃሉን ጥቅስ ውስጥ ካስገባችሁት ግን ይህን ይተወዋል፤ የጻፋችሁትን ብቻ ይፈልጋል። ጉግል የለመደ ተማሪ ሁሉንም ነገር በጥቅስ ያጥራል፣ ከዚያ «ጥናት የለም» ብሎ ይነሳል።

በተለይ ስለ ድሬ «ጥናት የለም» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማውን አልጋ ላይ ጥለውት ነበር፤ ሁለቱም ተጽፎባቸዋል። በ2016 ቀብሪደሃር ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝም አለች። ከረግረግ ይልቅ ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜልና ሮቶ ይመቻታል። በ2022 እዚሁ ድሬዳዋ ከተነሳው ወባ ጋር መያያዟን የሚያሳየው ጥናት በ2023 ኔቸር ሜዲስን የተባለ ጆርናል ላይ ወጥቷል። ጥናቱ አለ። አፈላለጉ ነው የጠፋው።

ከተማችንን አንዱ ገጥሞ፣ አንዱ ነጥሎ፣ አንዱ በሰረዝ ይጽፋታል። ሁሉንም በ«ኦር» (OR፣ «ወይም» ማለት ነው) አያይዤ እፈልጋለሁ። የሐረር ጥናት ፈላጊ ከሆነ ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እስከ እ.ኤ.አ. 2006 ዓለማያ ይባል ስለነበር ሁለቱንም አስገባለሁ። ከሁሉ የሚያደክመው የሰው ስም ነው። ፐብሜድ የቤተሰብ ስም አለ ብሎ ነው የሚያስበው። እኛ ያለን የአባት ስም ነው። ስለዚህ አንዱ ተመራማሪ አንድ ቦታ በራሱ፣ ሌላ ቦታ በአባቱ፣ አንዳንዴም በአያቱ ስም ይገኛል። ለተመራቂዎች አሁን የምለው፦ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳትልኩ ኦርሲድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጡ። ነፃ ነው፣ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው።

ሙሉውን ጽሑፍ ለማውረድ ሂናሪ የሚባል፣ ክፍያ የሚጠይቁ ጆርናሎችን የሚከፍት ፕሮግራም አለልን። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው፤ ኢትዮጵያ ያለክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች አንዷ ናት። የሚመዘገበው ተቋም እንጂ ግለሰብ አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት በቀጥታ አሳታሚው ገጽ ላይ ገብተው «ዶላር ይጠይቃል» ሲሉ ነው። መጀመሪያ በሂናሪ በር መግባት ነው፣ ከዚያ ወደ ጽሑፉ።

መብራትና ኔትወርክ? ያው እንደምታውቁት። ካታሎጉን በኮሃ፣ ማለትም በላይብረሪ ሶፍትዌር፣ ግቢ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ስላስቀመጥነው ኢንተርኔት ሲሄድ አብሮ አይሄድም። የማውረድ ሥራ ጠዋት ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ ነው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ተራ የኤክሴል ፋይል ነው። ጥያቄው፣ የፈለግኩበት ሐረግ እንዳለ፣ ቀኑ። በቃ። ያው ጥያቄ ከሌላ ዋርድ ሲመጣ ሐረጉን ገልብጬ ከዚያ ቀን ወዲህ የወጣውን ብቻ አያለሁ። ጥያቄዎቹም ተመልሰው ይመጣሉ፤ ክረምት ወጥቶ ትንኝ ሲበዛ ደግሞ በተለይ።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ ሌላም ጣጣ አለው። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ በስህተት ወይም በማጭበርበር ምክንያት ተሰርዞ ቢሆን ፋይሉ አይናገርም። ፐብሜድ ግን ምልክት ያደርግበታል፤ ዞተሮ የሚባለው የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር ላይ ካስገባችሁትም ያስጠነቅቃችኋል። ማጣቀሻ በእጅ ከመጻፍ የሚያድነውም ዞተሮ ነው።

አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቷል። ተማሪው የተዋበ የማጣቀሻ ዝርዝር ይዞ ይመጣና «እትዬ፣ ይሄን አርቲክል ያግኙልኝ» ይለኛል። ጆርናሉ እውነተኛ ነው፣ ርዕሱ ያምራል፣ ጽሑፉ ግን ዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ፦ የፐብሜድ ቁጥሩን ወይም ዲኦአዩን (የጽሑፉን ቋሚ መለያ) ይዘህ ና። ቁጥሩ ሌላ ጽሑፍ ከከፈተ ወይም ጭራሽ ካልከፈተ፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጠን ከጥያቄው እንጀምራለን።