ማደንዘዣ ከተወጋች በኋላ

ታካሚዋ ከታች በግራ በኩል ሁለቱን ትልልቅ መንጋጋ ጥርሶቿን ካስነቀለች ዓመታት አልፈዋል። ከፊታቸው የነበረው ጥርስ ቦታው ሲለቀቅለት ወደ ኋላ ሸሽቷል። 2 ሚሊ ሜትር መመለስ ነበረበት፤ ግን በምን ተደግፈን? በፊት ጥርሶቿ ብንስበው እነሱም በአጸፋው ወደ ኋላ ይጎተታሉ፤ ደህና ጥርሶች ደግሞ ነበሩ። መንጋጋዋ ላይ ኢምፕላንት፣ ማለትም ክራውን የሚባለውን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሸከም የታይታኒየም ብረት ብሎን፣ መተከሉ የማይቀር ስለሆነ አስቀድመን ተክለን እሱን እንድንደገፍ ተስማማን።

የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ጅማት ነው። ጥርሱ ሲገፋ በተጫነው በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ በሌላው በኩል አዲስ ይሠራል፤ ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ፣ ብሬስ፣ የሚሠራው በዚህ ነው። ኢምፕላንት ጅማት የለውም። ስዊድናዊው ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚው ሲተክል የተማመነው ታይታኒየም ከአጥንት ጋር አንድ ስለሚሆን ነው። ስለዚህ ብንገፋበት አይነቃነቅም፤ ያለቦታው ከተተከለም በብሬስ አይመለስም።

በቀኑ ቀዶ ሐኪሙ ማደንዘዣውን ወግተው ጨርሰዋል። መሰርሰሪያውን የሚመራውን ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ አፏ ውስጥ አስቀምጬ ለካሁ። ከጥርሱ ጀርባ እስከ ቀዳዳው መሐል 5.5 ሚሊ ሜትር! እቅዳችን 3.5 ነበር። ላቦራቶሪው የሠራው ጥርሶቹን በሰም ወደ መጨረሻ ቦታቸው ባዛወርንበት ሞዴል ሳይሆን አሁን ባሉበት ጄሶ ላይ ነው።

«ዶክተር፣ ይታገሱኝ፤ ቀዳዳው ወደ ኋላ ሄዷል።»

«2 ሚሊ ናት እኮ፤ ክራውኑን ሰፋ አድርገን እንሸፍናታለን።»

«ክራውኑ ከሰፋ ከብሎኑ ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ ባኘከችበት ቁጥር ብሎኑን ያጋድለዋል፤ ከሥሩም ምግብ ይሸጎጣል።»

በዓይን ግምት ቀዳዳውን ወደ ፊት ማስጠጋትም አይቻልም። የብሎኑ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጎኑ ካለው ጥርስ ቢያንስ 1.5 መራቅ አለበት። 3.5 የመጨረሻው ጠርዝ ነበር።

ራሳቸው ደግመው ለኩ፤ መሰርሰሪያውን አስቀመጡ። የደነዘዘ ታካሚ ወንበር ላይ እያለ ሥራ ማቆም ከባድ ነው፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ታካሚዋ በደነዘዘ ከንፈሯ «ታዲያ ለምን ተወጋሁ?» አለች፤ እውነቷን ነው። ሁለቱን ሞዴሎች ጎን ለጎን አሳየናት፤ ለድጋሚው ቀጠሮ አላስከፈልናትም።

አዲሱ ፕላስቲክ ተሠርቶ ኢምፕላንቱ ተተከለ። አጥንቱ እስኪይዘው ወራት ጠብቀን ጊዜያዊ ክራውን ላዩ ላይ አሰርን፤ በእሱና በጥርሱ መካከል የገባው ስፕሪንግ ጥርሱን ወደ ቦታው ገፋው። የፊት ጥርሶቿ ንቅንቅ አላሉም። አሁን ፕላስቲኩና የሰሙ ሞዴል በአንድ ሣጥን ካልመጡ ማደንዘዣ አይነሳም፤ መጀመሪያ የሚጠይቁትም ቀዶ ሐኪሙ ናቸው።