ሳልጸልይ የተተከለ ስኳር ድንች

ወገኖቼ፣ ይህን ምስክርነት ጉባኤ ፊት ቆሜ ሰጥቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ሰዓት አጠረኝና ግማሹን ብቻ ነበር የተናገርኩት። አሁን ሙሉውን ልጻፈው።

ጊዜው 2014 ነው፣ በፈረንጆቹ፣ ኖቬምበር ላይ። የምንኖረው ራሊ፣ ኖርዝ ካሮላይና። ከወላይታ ሶዶ በዲቪ ከመጣን ሁለት ዓመት አልፎናል። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናትን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት እረፊ አለኝ። ዕረፍቱ ክፍያ የለውም። ባለቤቴ የሚያመጣው ደግሞ ለቤት ኪራይ ነው የሚሄደው።

ዓርብ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ሸኝቼ የኩሽናውን ካቢኔ ከፈትኩ። ትንሽ ሽሮ፣ አንድ ጭብጥ ሩዝ፣ ጨው። ልንበረከክ ብል ወገቤ እምቢ አለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ጸለይኩ። "ጌታ ሆይ፣ ለልጆቼ የሚበላ ስጠኝ። ሰው ፊት ግን አታቁመኝ" አልኩት። ሁለተኛውን አልሰማኝም። ተመስገን፣ እንኳንም አልሰማኝ!

በማግስቱ አንዲት እኅት መጣችና "ተነሽ፣ ልብስሽን ልበሺ" አለችኝ። ለችግረኛ ምግብ የሚያድል ቤተ ክርስቲያን ነው የወሰደችኝ። ነጠላዬን ፊቴ ድረስ ስቤ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ አንድ ካርቶን ሰጡኝ። ውስጡ ስኳር ድንች፣ ገና አፈሩ ያልረገፈ።

ወላይታ ላደገ ሰው ስኳር ድንች ምን ማለት እንደሆነ ያደገበት ያውቀዋል። በቆሎው ሳይደርስ፣ ቤት ውስጥ እህል ሲያልቅ፣ ያሻገረን እሱ ነው። እናቴ ድስት ሙሉ ቀቅላ ከነልጣጩ መሃላችን ታስቀምጠው ነበር። አንዱን አንስቼ አፈሩን በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ቀይ ልጣጩ ብቅ አለ። እንባዬ እዚያው ሰልፉ ላይ ወረደ። ካርቶኑን የሰጡኝ አዛውንት ደንግጠው ክንዴን ያዙኝ። ከዚያ ላጽናናት ብለው ነው መሰለኝ "ይህን እኮ ያመረተው የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነው። እርሻው እዚህ ሉዊስበርግ ነው" አሉኝ። ሉዊስበርግ ከእኛ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኩት። ያኔ 13 ዓመቱ ነው፤ እሁድ ከቸርች መልስ ከቲቪው አይነቀልም። ስልኩ ላይ ፈለገና "እማዬ፣ ጄሰን ብራውን ነው! የራምስ ቡድን ሴንተር የነበረው!" ብሎ ጮኸ።

"ሴንተር ደግሞ ምንድን ነው?" አልኩት።

ሳሎን መሃል ጎንበስ ብሎ የሶፋውን ትራስ በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ አቀበለኝ። "ኳሱን እንዲህ ያቀብላል። ከዚያ በኋላ ሥራው መጋፋት ነው" አለኝ። ከፊቱ የሚመጡት 130 እና 140 ኪሎ የሆኑ ሰዎች ናቸው። እሱ ራሱ 145 ኪሎ ገደማ ነበር። በደረቱና በእጆቹ ያግዳቸዋል፣ ከኋላው ያለው ኳስ ወርዋሪ ተረጋግቶ እንዲወረውር። የሚጨበጨበው ለሌላው ነው። "እሱን ሰው የሚያየው ሲሳሳት ብቻ ነው" አለ ልጄ።

ታሪኩን አብረን አነበብን። ያደገው እዚሁ ኖርዝ ካሮላይና ነው። በ2005 ባልቲሞር ሬቨንስ የሚባል ቡድን ገባ። በ2009 ሴንት ሉዊስ ራምስ ለአምስት ዓመት በ37 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት። በጊዜው ከሊጉ ሴንተሮች ሁሉ ከፍተኛ ተከፋይ እሱ ነበር። ግን ሆዱ ውስጥ ሐዘን ነበረው። ታላቅ ወንድሙ ላንስፎርድ ወታደር ነበር፤ በ2003 ኢራቅ ውስጥ በ27 ዓመቱ ተገደለ። ጄሰን ራሱ 27 ሲሞላው፣ በ2010፣ ወንድሜ ሕይወቱን ሰጠ፣ እኔስ በሕይወቴ ምን ሠራሁበት ብሎ ራሱን ጠየቀ። በ2012 ራምስ ሲለቁት ሌሎች ቡድኖች ይፈልጉት ነበር። እሱ ግን ገበሬ እሆናለሁ አለ። ወኪሉ በሕይወትህ ትልቁን ስህተት እየሠራህ ነው ቢለውም አልተመለሰም።

እርሻ አያውቅም። የተማረው ከዩቲዩብ ነው። መሬቱ 1,000 ኤከር ያህላል፣ በእኛ አሥር ጋሻ መሆኑ ነው። ስሙን ፈርስት ፍሩትስ አለው፤ በኵራት ማለት ነው። በዚያ መኸር ከ5 ኤከር 100,000 ፓውንድ ስኳር ድንች አግኝቶ ለተራበ ሰው ሰጠው። በኩንታል አሰላሁት፤ 450 ገደማ መጣልኝ። ከዚያ ውስጥ አንድ ካርቶን የእኔ ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጧል።

እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፣ ዓመቱ ነው። ይህ ሰው ኳሱን ሲተው እኔ ሶዶ ሻንጣ እየሸከፍኩ ነበር። ወገቤ ጤነኛ ነው። ራሊ የሚባል ከተማ የት እንዳለ አላውቅም። እሱ ያንን ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ ደግሞ ዲቪውም አልደረሰኝ። ዓርብ ጠዋት ግድግዳ ተደግፌ "ስጠኝ" ስል ድንቹ ተቆፍሮ ወጥቶ ካርቶን ውስጥ ነበር። ጌታዬ የእኔን ጸሎት ለመመለስ መንገድ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው! ይህን ሳስብ ዛሬም እንቅልፍ የማይወስደኝ ሌሊት አለ። ከደስታ ብዛት።

ማታ ቀቅዬ በሚጥሚጣ አቀረብኩት። ልጄ አራት በላ። ካርቶኑ ሳያልቅ ወገቤ ተሻለኝ፤ በስድስተኛው ሳምንት ሥራ ገባሁ። ያ ሰው ፊት የመቆም ፍርሃቴም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ሰልፍ ላይ ካርቶን የማድል እኔ ነኝ።

በዓመቱ መኸር ላይ ልጄን ይዤ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ሉዊስበርግ ወረድን። ትራክተሩ መሬቱን ይገለብጣል፣ ሰዉ ከኋላ ከኋላ እየሄደ በእጁ ይለቅማል። ሩት ስትቃርም ትዝ አለችኝ። ልጄ ከፊቴ ነበር። ሳሎን እንዳሳየኝ ጎንበስ ብሎ ድንቹን አንድ በአንድ በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ያቀብለኝ ጀመር። እኔ እየተቀበልኩ ባልዲ ውስጥ እከታለሁ። ስሙ ይባረክ!