ጉማራ ወንዝ ዳር ዋልኩ

ዛሬ ሙሉ ቀን ወደ ጣና ሐይቅ በሚገባው ጉማራ ወንዝ ዳር ዋልኩ። ከላይ ገባሩ ጋ ውኃው ኩልል ያለ ነው፣ ጠጠሩ ይቆጠራል። ትንሽ ዓሣ ይዘን ገልብጬ አየኋት። አገጯ ሥር እንደ ልብስ ቁልፍ ክብ የሆነ መጣበቂያ አላት። በእሱ ድንጋዩ ላይ ሙጭጭ ትልና አረንጓዴውን ልጋግ እየፋቀች ትበላለች። ፈሳሹ አይወስዳትም! እጄ ላይ ሆና ሳያት ደስ አለችኝ።

ወደ ታች ስንወርድ ወንዙ ሻይ በወተት መሰለ። ደለል ድንጋዩን አልብሶታል፣ የሚፋቅ ነገር የለም። የወጣልን አምባዛ ብቻ። እሱ ድፍርስ ውኃ አያስቸግረውም፣ በሪዙ እየዳሰሰ ያገኘውን ይበላል። ሆዱን ስንከፍተው ትል፣ የዓሣ አጥንትና ጭቃ ነበረው።

እኔን የሚያሳስበኝ የጣና ነጭ ዓሣ ነው። ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። በርካቶቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ ሽቅብ ይጓዛሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው።

«ልጄ፣ ድሮ በነሐሴ ወንዙ በዓሣ ይናጥ ነበር» አሉኝ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ።

እያወራን ከማዶ አንድ የጭነት መኪና ከወንዙ የወጣ አሸዋ ይጭን ነበር።